ስማችን በማን ኪስ ነው ያለው?

«ስምን መልአክ ያወጣዋል» ይላል የአገሬ ሰው። ይህ ድሮ ነው። ዛሬ ስምን መልአክ ቢያወጣውም የሚያስመዘግበው ድረ ገጽ ሠሪው ነው፤ የሚያድሰው እሱ ነው፤ ሲከፋው የሚጥለውም እሱው ነው። ባለስሙ በገዛ ስሙ ደጃፍ ቆሞ «ክፈቱልኝ» እያለ ያንኳኳል። ይህን ጉድ በወሬ ሰምቼው ቢሆን ኖሮ ብዕሬን ባላነሣሁ ነበር። ያየሁት በዓይኔ፣ ያውም በገዛ አጎቴ ቤት ነው። የባሰው ደግሞ የጥፋቱ ተካፋይ እኔ ራሴ መሆኔ ነው።

ከአርባ ምንጭ ወደ ሶዶ የሚወስደውን አስፋልት ይዘው ወደ ሰሜን ሲወጡ፣ ከተማውን ለቀው ብዙም ሳይርቁ ጫኖን ያገኛሉ። ጫኖ ዶርጋ፣ ጫኖ ጫልባ፣ ጫኖ ሚሌ ይባላሉ። በስተምሥራቅ አባያ ሐይቅ፣ በስተምዕራብ የጋሞ ተራራ፣ መሐሉን የሞላው ሙዝ ነው። ያን ሁሉ አረንጓዴ የሚያኖረው ከሀሬ ወንዝ እየተጠለፈ በቦይ የሚወርደው ውኃ ነው። አዲስ አበቤው በየመንገዱ ዳር «የአርባ ምንጭ ሙዝ» እያለ የሚገዛው በአብዛኛው ከዚህ አካባቢ ሌሊት በአይሱዙ ተጭኖ የሄደውን ነው።

አጎቴ ጋሼ (እንዲሁ ነው የምጠራቸው) ጫኖ ሚሌ ውስጥ ሙዝና ማንጎ ያመርታሉ፤ ከጎረቤትም እየሰበሰቡ ይጭናሉ። ዕድሜ ልካቸውን ከደላላ ጋር ሲታገሉ የኖሩ ሰው ናቸው። ደላላው ማሳ ድረስ ይመጣል፣ ዘለላውን በዓይኑ ይመዝናል፣ ዋጋውን ይቆርጣል። ገበሬው እሺ ካላለ ሙዙ ይበስላል፤ የበሰለ ሙዝ ደግሞ አይጠብቅም። እናም በ2011 ዓ.ም. ኅዳር ላይ እኔ አዋቂው ሄጄ፣ «ጋሼ፣ ደላላውን የምናመልጠው በዚህ ነው። የራስዎ ድረ ገጽ ይኑርዎት። አዲስ አበባ ያለው ሆቴል በቀጥታ ይዘዝዎት» አልኳቸው። መጀመሪያ አላመኑኝም። የጫኖ ነጋዴ የሚያምነው የተጫነ መኪናና በእጅ የገባ ብር ነው። እኔ ግን ከተማ ለከተማ ስዞር የለቃቀምኳትን እውቀት አፈሰስኩባቸው። ተሸነፉልኝ።

አዲስ አበባ የሚገኝ አንድ ድረ ገጽ የሚሠራ ድርጅት አገናኘኋቸው። ስሙን አልጠራም፤ እንደሱ ያሉት ብዙ ናቸውና አንዱን ለይቼ ላዋርድ አልተነሣሁም። ድርጅቱ ገንዘቡን ተቀበለ፣ ጫኖ የሚለውን ቃል የያዘና በነጥብ ኮም የሚያልቅ ስም አስመዘገበ፣ ድረ ገጹን ሠራ፣ ኢሜይል ከፈተ። ጋሼም ደስ ብሏቸው አድራሻውን በአይሱዙው ጎን አስጻፉት፣ በማንጎው ካርቶን ላይ አሳተሙት። ስድስት ዓመት ሠራ። ሁለት ሦስት ሆቴሎች ትእዛዝ በኢሜይል ይልካሉ፤ ልጃቸው በስልኳ ከፍታ ታነባለች፤ ማታ ይቆረጣል፣ ሌሊት ይጫናል። ደላላው ቅር አለው። እኔም በኩራት አንገቴን ቀና አድርጌ ሄድኩ።

ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. ብሔራዊ ባንክ ብሩን ለገበያ ለቀቀው። 57 ብር ገደማ የነበረው ዶላር ከመቶ ብር በላይ ወጣ። ወዲያው ድርጅቱ ደወለና የዓመቱ ክፍያ አራት እጥፍ ሆኗል አለ። ጋሼ ፊደል ብዙ ባይቆጥሩም ሒሳብ ያውቃሉ። «ዶላሩ እጥፍ ሆነ፤ እናንተ አራት እጥፍ የምትሉኝ በየትኛው ሚዛን መዝናችሁ ነው?» ብለው ጠየቁ። ሚዛን አልነበረም። «እንግዲያው ስሜን ስጡኝና ሌላ ቤት ልውሰደው» አሉ። መልሱ ምን ቢሆን ጥሩ ነው? «ስሙ እኮ የእኛ ነው!»

እኔ ጣልቃ ገባሁ። የምዝገባውን ማስረጃ እንዲልኩልኝ ጠየቅሁ፤ አላፈሩም፣ ላኩልኝ። የባለቤት ስም በሚለው መስመር ላይ የድርጅቱ ስም፣ ኢሜይል በሚለው የድርጅቱ ኢሜይል፣ ስልክ በሚለው የድርጅቱ ስልክ ተጽፏል። የአጎቴ ስም አንድም ቦታ የለም። ይህን በ2011 ዓ.ም. አምስት ደቂቃ ወስጄ ማየት የነበረብኝ እኔ ነበርኩ። አላየሁም። ከሞኝ ደጅ ሞፈር ይቆረጣል፤ ሞኙ ማን እንደሆነ አሁን ገባኝ።

ኅዳር 2017 ዓ.ም. የስሙ ዘመን አለቀ። ድርጅቱ አላደሰውም፤ ለባለቤቱም አልሰጠም። ኢሜይሉ አብሮ ሞተ፤ እኛ ግን ዝምታውን የገበያ መቀዝቀዝ አድርገን ቆጠርነው። ለገና አንድ የቆየ ደንበኛ ሁለት መኪና ሙዝ አዝዞ ኖሯል። የሆቴሉ ግዢ ሠራተኛ አዲስ ነበርና የሚያውቀው ኢሜይሉን ብቻ ነው። መልስ ሲያጣ «ንቀውናል» ብሎ ወደ ሌላ ዞረ። ጋሼ እንደየዓመቱ ትእዛዙ ይመጣል ብለው ያቆዩትን ሙዝ ማን አነሣው? ያው ደላላው! በፈለገው ዋጋ። በየካቲት ደግሞ ስሙን ባሕር ማዶ ያለ ማንነቱ የማይታወቅ ገዢ ወሰደው። ዛሬ በአይሱዙው ጎን ያለውን አድራሻ በስልኩ የሚከፍት ሰው የሚያየው ሙዝ ሳይሆን የቁማር ማስታወቂያ ነው።

ጋሼ አልተቆጡኝም። ቢቆጡኝ ይሻለኝ ነበር። ማሳው ጠርዝ ላይ ቆመን ቦዩን እያሳዩኝ እንዲህ ነው ያሉኝ፦ «ልጄ፣ የሀሬ ውኃ እኔ ዘንድ የሚደርሰው ወንዙ ስለሞላ ብቻ አይደለም። የቦዩን አፍ የያዘው ሰው ሲከፍተው ነው። ያንተም ኢንተርኔት የቦይ አፍ ካለው ለምን ቀድመህ አልነገርከኝም?»

እውነታቸውን ነው። ይህን ጽሑፍ የምጽፈው ለዚያ ጥያቄ መልስ እንዲሆን ነው።

የቦዩ አፍ የት ነው?

በኢንተርኔት ላይ ያለ ኮምፒውተር ሁሉ የሚታወቀው በቁጥር ነው። ሰው ደግሞ ቁጥር አያስታውስም፤ ስም ነው የሚያስታውሰው። እ.ኤ.አ. በ1983 ፖል ሞካፔትሪስ የተባለ አሜሪካዊ ባለሙያ ስምን ወደ ቁጥር የሚፈታ ሥርዓት ነደፈ። ዲኤንኤስ ይሉታል። ደንበኛው ስሙን ይጽፋል፤ ሥርዓቱ በዓለም ዙሪያ የተዘረጋውን መዝገብ ጠይቆ «ይህ ስም ያለው እዚህ ቁጥር ላይ ነው» ብሎ ይመልሳል። ኢሜይልም ለማን እንደሚደርስ የሚጠየቀው ያንኑ መዝገብ ነው።

እንግዲህ ሦስት ነገር ለይተን እንያዝ። አንደኛው የስሙ ምዝገባ ነው፤ ይህ የይዞታ ማረጋገጫ ደብተር ማለት ነው። ሁለተኛው ስሙ ወዴት እንደሚያመለክት የሚናገረው ሰርቨር፣ ማለትም ኔምሰርቨሩ ነው፤ ይህ የቦዩ አፍ ነው። ሦስተኛው ድረ ገጹ የተቀመጠበት ኮምፒውተር ነው፤ ይህ ማሳው ነው። ሦስቱ የተለያዩ ነገሮች ናቸው፤ ከሦስት የተለያዩ ሰዎች ሊገዙ ይችላሉ። ድረ ገጽ ሠሪዎቻችን ግን ሦስቱን በአንድ ከረጢት አስረው «ዌብሳይት» ብለው ይሸጡልናል፤ ከረጢቱን ደግሞ ራሳቸው ይዘው ይቀራሉ። ማሳው ቢበላሽ በሳምንት ሌላ ይሠራል። የቦዩ አፍ ከጠፋ ግን ማሳው ቢያምር ምን ይረባል? ደብተሩ ከጠፋማ ያለቀ የደቀቀ ነው!

ዋጋው እኮ ነው የሚያስቆጨው። የነጥብ ኮም ስም በዓመት ከ10 እስከ 20 ዶላር ባለው ይገኛል። እስከ 10 ዓመት ድረስ በአንድ ጊዜ መክፈል ይቻላል። ዘመኑ ካለቀ በኋላም እንደ መዝጋቢው ደንብ እስከ 45 ቀን የሚደርስ የእድሳት ጊዜ፣ ከዚያ በቅጣት የሚመለስበት 30 ቀን፣ ከዚያ 5 ቀን የመሰረዣ ጊዜ አለ። የገና ትእዛዝ ጠፍቶ ሙዙ በደላላ እጅ ሲገባ ስሙ ገና አልተሰረዘም ነበር ማለት ነው። ሊድን ይችል ነበር። የማዳን መብት ያለው ግን በመዝገቡ ላይ ስሙ ያለው ሰው ብቻ ነው። ጋሼ ያንን አይደሉም።

«ይህ የገጠር ሰው ስሕተት ነው» የሚል ካለ ይስማኝ። እ.ኤ.አ. በ1999 ገና ዋዜማ የሆትሜይል ደንበኞች ገቢ መልእክታቸውን ማየት አቃታቸው። ምክንያቱ ማይክሮሶፍት ፓስፖርት የተባለውን የመግቢያ አገልግሎቱን ስም ማሳደስ መርሳቱ ነበር! አንድ የግል ፕሮግራም ሠሪ ከገዛ ኪሱ 35 ዶላር ከፍሎ አሳደሰለት። በ1995 ደግሞ አንድ አጭበርባሪ ሐሰተኛ ደብዳቤ ጽፎ እጅግ ውድ የሆነ፣ ለጋዜጣ የማይመች ቃል የያዘ የነጥብ ኮም ስም ከባለቤቱ ነጠቀ። ባለቤቱ ለዓመታት ተከራክሮ በ2001 የ65 ሚሊዮን ዶላር ፍርድ አገኘ፤ ነጣቂው ግን አስቀድሞ አገር ጥሎ ጠፍቷል። በአንድ ደብዳቤ! ባለሀብቱ ማይክሮሶፍት የረሳውን፣ አሜሪካዊ በደብዳቤ የተነጠቀውን የጫኖ ገበሬ እንዴት ይጠብቀው? የሚጠብቅለት ሕግና ሥርዓት ከሌለ በምን አቅሙ?

የአህጉር ስም ሎስ አንጀለስ ላይ

ስም ማለት ቀልድ እንዳልሆነ እኛ ኢትዮጵያውያን ከማንም በላይ ማወቅ ነበረብን። ይርጋ ጨፌ፣ ሲዳሞና ሐረር የሚሉትን ስሞች በአሜሪካ በንግድ ምልክትነት ለማስመዝገብ መንግሥት እ.ኤ.አ. በ2005 ባመለከተ ጊዜ የአገሪቱ የቡና ነጋዴዎች ማኅበር ተቃወመ። ከስታርባክስ ጋር ስምምነት ላይ የተደረሰው በ2007 ነው። የጤፍ ነገር ደግሞ አለ። በ2007 አንድ የሆላንድ ኩባንያ በጤፍ ዱቄት ላይ የአውሮፓ ፓተንት አገኘ፤ የሄግ ፍርድ ቤት የሆላንዱን ፓተንት ዋጋ ያሳጣው በ2018 ነው። አሥራ አንድ ዓመት ሙሉ አያቶቻችን የበሉት እንጀራ በሌላ ሰው መዝገብ ላይ ኖረ!

የዶሜን ስምን በተመለከተም ከእኛው የወጣ ታሪክ አለ። «ነጥብ አፍሪካ» የሚለውን ስም ለማስተዳደር እ.ኤ.አ. በ2012 ካመለከቱት ሁለት ወገኖች አንዷ ትውልደ ኢትዮጵያዊቷ ሶፊያ በቀለ የመሠረተችው ዶት ኮኔክት አፍሪካ ነበር። ሌላው የደቡብ አፍሪካው መዝገብ ያዥ ድርጅት ሲሆን፣ መቀመጫው አዲስ አበባ የሆነው የአፍሪካ ኅብረት ኮሚሽን ድጋፉን የሰጠው ለዚህኛው ነው። የዓለም የስም አስተዳዳሪ የሆነው አይካን የሶፊያን ማመልከቻ በ2013 አቆመው። በ2015 ገለልተኛ ገምጋሚ ጉባኤ አይካን የራሱን መተዳደሪያ ደንብ ጥሷል ብሎ ፈረደላት። ነገሩ ግን በዚያ አላበቃም፤ ወደ ካሊፎርኒያ ፍርድ ቤቶች ሄደ። በየካቲት 2017 ስሙ ለደቡብ አፍሪካው ድርጅት ተሰጥቶ ሥራ ላይ ዋለ፤ በነሐሴ 2019 የሎስ አንጀለስ ፍርድ ቤት ለአይካን ፈረደ።

ማን ትክክል እንደነበር አንባቢ እንደ ፍርዱ ይፍረድ። እኔ የምለው ሌላ ነው። ከአንድ ቢሊዮን በላይ ሕዝብ የሚኖርበት አህጉር ስም የተዳኘው አዲስ አበባ ላይ አይደለም፤ ናይሮቢ ላይም አይደለም፤ ሎስ አንጀለስ ላይ ነው። ለምን? መዝገቡ እዚያ ስላለ። በዚህ ዓለም ስም የሚጠራበት ሰው ንብረት አይደለም፤ መዝገብ ላይ ስሙ የሰፈረለት ሰው ንብረት ነው። በአዋጅ ቁጥር 501/1998 የንግድ ምልክትህን ብታስመዘግብ፣ ንግድ ቢሮ ሄደህ የንግድ ስምህን ብታወጣ፣ የነጥብ ኮም መዝገብ ያዥ አንድም ፊደል አይነካልህም። እ.ኤ.አ. በ1999 የወጣ ዓለም አቀፍ የክርክር መንገድ አለ፤ ተንኮለኛ መዝጋቢን ለመክሰስ ያገለግላል። የአንድ ዳኛ ክፍያው ብቻ 1,500 ዶላር ነው። የጫኖ ገበሬ ስንት ዘለላ ሙዝ ሸጦ ነው ይህን የሚከፍለው?

«ነጥብ ኢቲ»ስ?

«ታዲያ የአገራችን ስም አለ አይደል?» የሚል ይኖራል። አለ! ነጥብ ኢቲ የሚለው የአገራችን መጠሪያ በዓለም መዝገብ ላይ የሰፈረው እ.ኤ.አ. በጥቅምት 1995 ነው፤ አገሪቱ ኢንተርኔት ያገኘችው ከዚያ በኋላ በጥር 1997 ነበር። ስማችን ከእኛ ቀድሞ ገባ ማለት ነው። ከዚያ ወዲህ ማን ያዘው? ያው ቴሌ! በፊት ኮርፖሬሽን ሲባል፣ በኋላ በ2003 ዓ.ም. ኢትዮ ቴሌኮም ሲባል፣ ደብተሩ ከአንድ ቤት ሳይወጣ ኖረ።

እስቲ ልብ በሉ። ኢንተርኔቱን የሚሸጠው እሱ ነው። የአገሪቱን ስም ደብተር የያዘው እሱ ነው። ከላይ ትእዛዝ ሲመጣ ማብሪያ ማጥፊያውን የሚጫነውም እሱ ነው። ሳፋሪኮም በ2015 ዓ.ም. መስከረም አገልግሎት እስኪጀምር ድረስ ሌላ ሻጭ እንኳ አልነበረም። ዳኛውም፣ ተጫዋቹም፣ የኳሱ ባለቤትም አንድ ሰው የሆነበት ጨዋታ የት አገር አለ? ጎረቤታችን ኬንያ ነጥብ ኬኢ የሚለውን ስሟን የምታስተዳድረው መንግሥትም፣ የግሉም ዘርፍ፣ ተጠቃሚውም በተወከሉበት ለብቻው በቆመ ድርጅት ነው፤ ለሕዝብ የሚሸጡት ደግሞ ፈቃድ ያላቸው ብዙ የግል መዝጋቢዎች ናቸው። አንዱ ቢበድልህ ስምህን ይዘህ ወደ ሌላው ትሄዳለህ። እኛስ? ከቴሌ ወደ ማን እንሄዳለን?

የዚህች ዓይነት ጋዜጣ አንባቢ ነገሩ አዲስ አይሆንበትም። በ1985 ዓ.ም. የፕሬስ ነፃነት አዋጅ ሲወጣ «ጻፉ» ተባልን። ማተሚያ ቤቱ ግን የመንግሥት ነበር። ብርሃንና ሰላም «ማሽን ተበላሽቷል» ያለ ዕለት ነፃነታችን ከማሽኑ ጋር ቆሞ ያድር ነበር። አሁንም ያው ነው፤ ቀለሙ ነው የተለወጠው። ያኔ የማተሚያ ማሽን፣ ዛሬ ኔምሰርቨር። የሚናገረውን ሰው አፍ መዝጋት አያስፈልግም፤ የቦዩን አፍ መያዝ ይበቃል።

ደግሞ የተጋነነ ነገር እንደማላወራ ታሪኩ ምስክር ነው። ከ1998 ዓ.ም. ጀምሮ ባለጊዜዎቹ ያልወደዷቸው ድረ ገጾች ኢትዮጵያ ውስጥ እንዳይከፈቱ ተደርገው ኖሩ። ሰኔ 2010 ዓ.ም. ላይ «264 ድረ ገጾችና ጣቢያዎች ተከፈቱ» ተብሎ ሲነገረን አጨበጨብን። የተከፈተውን እንጂ ለምን እንደተዘጋ፣ ነገም ማን እንደሚዘጋው የጠየቀ ጥቂት ነበር። በ2012 ዓ.ም. «ዲጂታል ኢትዮጵያ 2025» የተባለው ስትራቴጂ ጸደቀ፤ በዚያው ዓመት ሰኔ 23 ከአርቲስት ሃጫሉ ሁንዴሳ ግድያ በኋላ አገር በሙሉ ለሦስት ሳምንት ያህል ከኢንተርኔት ተቆረጠ። በአንድ እጅ ስትራቴጂ፣ በሌላ እጅ መቀስ! ከጥቅምት 2013 ዓ.ም. ጀምሮ ትግራይ፣ ከሐምሌ 2015 ዓ.ም. ጀምሮ አማራ ክልል የደረሰባቸውን ደግሞ አገር ያውቀዋል።

እውነቱን ለመናገር ሽቦው በሙሉ ሲቆረጥ የራስህ ስምና የራስህ ኔምሰርቨር ቢኖርህም አንተን ከኢንተርኔት አያገናኝህም። በዚህ ማንንም አልሸነግልም። ልዩነቱ ሌላ ጋ ነው። ስሙ በእጅህ ከሆነ ድረ ገጽህንና ኢሜይልህን ሽቦው ወዳልተቆረጠበት ቦታ ማዞር ትችላለህ፤ ናይሮቢም ሆነ ፍራንክፈርት ያለ ደንበኛ ያገኝሃል፤ ሽቦው ሲቀጠል ደብዳቤህ ተቀምጦ ይጠብቅሃል። ስሙ በእጅህ ካልሆነ ግን ሽቦው ቢቀጠልም አንተ የለህም።

የሰው ወርቅ አያደምቅ

«ምን አደከመን፣ ፌስቡክና ቴሌግራም አለ» የሚሉኝ ነጋዴዎች አርባ ምንጭ ሞልተዋል። አላውቅም እንዴ? የሆቴሉ፣ የባጃጅ መለዋወጫ መሸጫው፣ የዶርዜ ጋቢ ሻጩ፣ ሁሉም አድራሻው ፌስቡክ ነው። ወዳጆቼ፣ የሰው ወርቅ አያደምቅ። የካቲት 2 ቀን 2015 ዓ.ም. በቤተ ክርስቲያን ጉዳይ ውጥረት ሲነሣ ፌስቡክ፣ ቴሌግራም፣ ቲክቶክና ዩቲዩብ ተዘጉ፤ የተከፈቱት ከአምስት ወር በኋላ ነው። አምስት ወር! ሱቅህ በአምስት ወር ውስጥ የኪራይ ዕዳ አይበላውም? መንግሥት ባይዘጋው እንኳ ባለቤቱ ራሱ ይወድቃል። እ.ኤ.አ. ጥቅምት 4 ቀን 2021 ፌስቡክ በገዛ ባለሙያዎቹ ስሕተት ኔምሰርቨሮቹ ከዓለም ተሰወሩና እሱም፣ ኢንስታግራምም፣ ዋትሳፕም ለስድስት ሰዓት ያህል ጠፉ።

ስለዚህ የቦዩ አፍም ቢሆን አንድ ብቻ መሆን የለበትም። እ.ኤ.አ. ጥቅምት 21 ቀን 2016 ዳይን በተባለው የዲኤንኤስ አገልግሎት ሰጪ ላይ ጥቃት ደርሶ ትዊተርንና ኔትፍሊክስን የመሰሉ ግዙፎች ለሰዓታት ሳይገኙ ቀሩ። ኮምፒውተራቸው ደኅና ነበር፤ መንገድ የሚያሳያቸው ነው የወደቀው። እንቁላልህን ሁሉ በአንድ ቅርጫት ያኖርክ እንደሆን ቅርጫቱ የወደቀ ቀን ቁርስ የለህም።

ታዲያ ምን እናድርግ?

ነጋዴ ወገኔ ሆይ፣ ነገ ጠዋት ድረ ገጽ ሠሪህን ጥራና ሦስት ጥያቄ ጠይቀው። ስሙ በማን ስም ተመዘገበ? የመዝጋቢው መግቢያ ቁልፍ በማን እጅ ነው? ኔምሰርቨሩን የሚያዘው ማን ነው? መልሱ «እኛ ነን፤ አታስብ» ከሆነ ያን ጊዜ ማሰብ ጀምር! ስሙ በአንተ ወይም በሕጋዊ ድርጅትህ ስም ይዙር። የመዝጋቢው መለያ በራስህ ኢሜይል ይከፈት፤ ኢሜይሉም በዚያው ስም ላይ ያለ አይሁን፤ ስሙ ሲጠፋ እሱም አብሮ ይጠፋልና። ስሙ እንዳይዛወር የሚያግደው መቆለፊያ ይዘጋ፤ የይለፍ ቃሉ ላይ ሁለተኛ ማረጋገጫ ይጨመር። የዘመኑን ማብቂያ ቀን ከቤት ኪራይና ከግብር ቀን ጎን ጻፈው። በኔምሰርቨሩ ውስጥ ያለውን ዝርዝር ገልብጠህ አስቀምጥ፤ ሠሪህ ቢጠፋ ሌላው በአንድ ቀን ይተክልልሃል። ውልህ ውስጥም አንዲት ዓረፍተ ነገር ትግባ፤ «ስሙ የአሠሪው ንብረት ነው፤ በተጠየቀ ጊዜ ያለ ክፍያ ይተላለፋል» የምትል። ይህችን ዓረፍተ ነገር ለመፈረም የሚያመነታ ሠሪ ምን እንዳሰበ ነግሮሃል።

ድረ ገጽ ሠሪዎች ሆይ፣ ሁላችሁም ሌቦች ናችሁ አላልኩም። ዶላር የሚከፈልበት ካርድ በገበሬው ኪስ ስለሌለ እናንተ መክፈላችሁ እውነት ነው። የከፈላችሁለትን አስከፍሉ፤ ማንም አይከለክላችሁም። ነገር ግን ቤት የሠራ አናጢ የቤቱን ደብተር በስሙ አያወጣም። ካወጣ ስሙ አናጢ መሆኑ ቀርቶ ሌላ ነው የሚሆነው።

መንግሥት ሆይ፣ ለአንተም አለኝ። የነጥብ ኢቲን ደብተር ከኢንተርኔት ሻጩ እጅ አውጣና ራሱን ለቻለ፣ ነጋዴውም ባለሙያውም ለተወከለበት አካል ስጥ። የጫኖ ገበሬ በብሩ ከፍሎ በስሙ የሚያስመዘግብባቸው ብዙ መዝጋቢዎች ይኑሩ። የደንበኛን ስም በራሱ ስም አስመዝግቦ የሚይዝ ሠሪ የሚጠየቅበት ድንጋጌ ይውጣ፤ አዋጅ ለማውጣት አታንስም፣ አውቅሃለሁ። ደብዳቤያቸው ላይ የጂሜይል አድራሻ የሚጽፉ መሥሪያ ቤቶችህን ደግሞ እስቲ አደብ አስገዛቸው። የራሱን ስም ያልያዘ መሥሪያ ቤት ለነጋዴ ስለ ዲጂታል ሥልጠና ሲሰጥ ያስቃል።

ባለፈው እሑድ ጫኖ ወርጄ ጋሼን አየኋቸው። አዲስ ስም አውጥተናል። በዚህ ጊዜ በእሳቸው ስም፣ ቁልፉ በልጃቸው እጅ፣ ለ10 ዓመት የተከፈለበት። የጠፋው ደንበኛ አልተመለሰም። የአይሱዙው ጎን ግን ገና አልተቀባም፤ ቀለም ተወዷል። መኪናው እስኪቀባ ድረስ ከጫኖ ተነሥቶ አዲስ አበባ እስኪገባ ለሚያየው ሁሉ የማያውቁትን ሰው ቁማር ቤት እያስተዋወቀ ይመላለሳል።

ስም ከመቃብር በላይ ይውላል ይባላል። እንዲውል ግን ሰው በቁሙ ሳለ ስሙን በእጁ መያዝ አለበት። ሳይቃጠል በቅጠል! ጋሼ ዘንድ ግን ቅጠሉ የደረሰው ከተቃጠለ በኋላ ነው።